ድምፁን ሳያነሣ

በኦሉ ኅዳር ነው፤ ገና በዘጠኝ ሰዓት
ቀን የሚባለው እንግዳ ተሰናብቶ ወጥቷል፤
በረዶው ብቻ በራሱ ንጣት ይታያል።
እኔ ከስክሪኔ ፊት፣ ሻዬን አቀዝቅዤ፣
ሱሃስ ከሃይደራባድ የላከውን እርማት፣ ሰባተኛውን፣ ይዤ፣
ወደ ከርነሉ ጓዳ መስመር በመስመር እወርዳለሁ፤
ጠጠር እንዳለው እህል በዓይኔ እለቅማለሁ።

ነገሩ ቀላል ነው። ካሜራው ሲነቃ ኃይል ይለምናል፤
ቆጣሪው "አንድ" ይላል።
ወደ ሜሞሪ ለሚወስደው መንገድም
"ይህን ያህል ስፋት ይበቃኛል" ብሎ ድምፅ ይሰጣል።
የሌላውም የሌላውም ድምፅ ተደምሮ
መንገዱ ይሰፋል፤ ባትሪው ይከፍላል።
ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ድምፁን አንሥቶ፣
ቆጣሪውን ዜሮ አድርጎ፣ መብራቱን አጥፍቶ
መሄድ ነው።
የወሰደ ይመልስ፤ ሌላ ሕግ የለም።

አባቴ በወንዙ ግድብ ላይ የውኃ በረኛ ነበር።
ደብተሩ ውስጥ ወሬ የለም፦ "ከሌሊቱ ስምንት፤ ሦስተኛው በር፤
ሁለት ክንድ ተከፈተ።" ከሥሩ፦ "ዐሥር ሰዓት፤ ተዘጋ።"
በር ከፍቶ ለረሳ ሰው ወንዝ አይነግረውም፣ ይል ነበር፤
የሚነግረው የታችኛው መንደር ነው።

መስመር ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ላይ ቆምሁ።
ካሜራው አልነሣ ካለ፣ መሐል ላይ ስሕተት ከመጣ፣
ኮዱ "አልቻልሁም" ብሎ ይወጣል፤
በገባበት በር ሳይሆን በመስኮት ዘሎ፣
ቆጣሪውን አንድ ላይ እንደ ቆመ ጥሎ።
ፎቶ የሚያነሣ የለም፤
ድምፁን የሚያነሣ የለም፤
መንገዱ ግን ሰፍቶ፣ መንገደኛ ሳይኖርበት፣
ሌሊቱን ሙሉ መብራት እንደ በራበት።
ባለ ስልኩ ጧት ትራሱን ሲዳስስ
ትኩስ ድንጋይ ያገኛል።
ባትሪውን ይረግማል፤ ሻጩን ይረግማል፤
ይህችን መስመር የሚረግም የለም።

"ሰባት ጊዜ ልከህ ሰባት ጊዜ" ብዬ ጀመርሁ።
ደለትሁት። "ሱሃስ፣ በስሕተት ሲወጣ
ማን ይዘጋል?" ብዬ ላክሁ።
አካፋ ይዤ ደጄን ጠርጌ ስመለስ
መልሱ ደርሷል፦

"ውድ ራይሊ፣ ልክ ነሽ፤ አልዘጋሁም። አስተካክላለሁ።
አንድ ነገር ግን፣ አትቀየሚኝ፦
አወጣጡን የቀዳሁት ከስክሪኑ ሾፌር ነው፣
ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከተጻፈው።
ከእሱ ተማር ብለውኝ ነበር።
ከራሱ ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው።"

ከፈትሁት። መስመር ዘጠና አንድ።
የገዛ እጄ፣ የገዛ አጻጻፌ፣ ያችው መስኮት።
ያን ሰሞን ቢሯችን ሊዘጋ ወንበር ይቆጠር ነበር፤
እኔም ማታ ማታ አባቴ ወደ ተኛበት ሆስፒታል
ካፖርቴን በአንድ እጅጌ ለብሼ እሮጥ ነበር።
ስልኩን በሌሊቱ፣ ሌሊቱን በዓመቱ ማባዛት ጀመርሁ፤
ወንዝ ወንዝ ሲሸተኝ ተውሁት።

ሁለት መስመር ጨመርሁ፤ ሁለት መስመር ብቻ።
ከሥሩ ጻፍሁ፦ "ያገኘው ሱሃስ ኮንዱሩ።
ባለማጥፋቴ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"
ጠረጴዛው ላይ ሰሌዳው ከመለኪያው ጋር ተያይዟል፤
አርባ አንድ ሚሊአምፔር ይል የነበረው፣ ሠላሳ፣ ዐሥራ ሰባት፣
ሦስት። ተኛ።

ደብተር ፈልጌ፣ ደብተር ስለሌለኝ በፖስታ ጀርባ፣
"ከሌሊቱ አምስት ሰዓት፤ መስመር ዘጠና አንድ፤ ተዘጋ" አልሁ።
መነጽሬን ሳወልቅ የሱሃስ ስምንተኛ ገባ።
እዚያ ሊነጋጋ ነው፤ ልጁም አልተኛም።

ሁለት መቶ ዐሥራ አራትን አየሁ። ተዘግቷል።
ወረድ ብዬ አየሁ። እዚያም ተዘግቷል።
ሁለት ጊዜ።
ቆጣሪው ከዜሮ በታች።
መነጽሬን መልሼ አደረግሁ።